ፖቶማክን የመሻገር ሒሳብ

ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በካርታ ሦስት ናቸው፤ ለነዋሪው ግን አንድ ከተማ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድር ሰው አሌክሳንድሪያ ይሠራል፣ እሑድ ዲሲ ያስቀድሳል። ሜሪላንድ በ2025 በከፍተኛ ገቢ ላይ የምትጥለውን ግብር ስትጨምር «ድልድዩን ተሻግሮ መገላገል ነው» የሚለው ንግግር ለሐበሻውም ደረሰ። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ምናባዊ ናቸው፦ አንደኛው ሞንትጎምሪ ካውንቲ ውስጥ የሆም ኬር (የቤት ለቤት እንክብካቤ) ድርጅት ያላቸው ነጋዴ፣ ሁለተኛዋ ግብራቸውን የምትሠራላቸው የሒሳብ ባለሙያ። ሕጉ ግን እውነተኛ ነው።

ጋሼ፦ ዛሬ ወሬ የለም፤ እንቅጩን ንገሪኝ። ቤቴን ሸጬ ቨርጂኒያ፣ ማክሊን ልግባ ወይስ ባለሁበት ልቀመጥ?

ባለሙያዋ፦ ምን ሰምተው ነው ጋሼ?

ጋሼ፦ ያልሰማ አለ? ገቨርነር ዌስ ሙር ፈረሙበት እኮ። ይህን ድርጅት ያቆምኩት ታክሲ ነድቼ፣ ፓርኪንግ ቆሜ ነው። ድሃ ሳለሁ ማንም አልቆጠረኝም፤ ትንሽ ቀና ስል ባለጸጋ ብለው መዘገቡኝ።

ባለሙያዋ፦ እስቲ አብረን እንቁጠር። ተቀናሹ ወጥቶ ግብር የሚከፈልበት የእርስዎና የባለቤትዎ ገቢ 900 ሺህ ዶላር ነው እንበል። አብራችሁ ስለምታሳውቁ አዲሱ እርከን የሚጀምረው ከ600 ሺህ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 300 ሺህ ድሮ 5.75 በመቶ ይከፍል ነበር፤ አሁን 6.25 ይከፍላል። የጨመረው ግማሽ በመቶ ነው። 1,500 ዶላር።

ጋሼ፦ በወር?

ባለሙያዋ፦ በዓመት። ተቀናሽ በዝርዝር የሚያቀርቡ ከሆነ፣ ገቢው ከ200 ሺህ ያለፈ ሰው ተቀናሹ ስለሚሸራረፍበት ጥቂት ሺህ ይጨመርበታል። 6.5 በመቶው የሚመጣው ደግሞ ባልና ሚስት 1.2 ሚሊዮን ሲያልፉ ነው፤ እሱ ገና አልነካዎትም።

ጋሼ፦ ታዲያ አሌክሳንድሪያ ያለው ወዳጄ «በዓመት ወደ ሠላሳ ሺህ ታተርፋለህ» ያለኝ ከየት አምጥቶ ነው?

ባለሙያዋ፦ አልዋሸዎትም። ግን ያ ገንዘብ ከአዲሱ ሕግ ጋር አይገናኝም። ሜሪላንድ ውስጥ በስቴቱ ግብር ላይ ካውንቲው የራሱን የገቢ ግብር ይደርባል፤ የሞንትጎምሪ 3.2 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ካውንቲዎች የገቢ ግብር የላቸውም። የ900 ሺህ 3.2 በመቶ ሲሰላ ወደ 29 ሺህ ይጠጋል። ይህን እርስዎ ማንም ዜና ሳይሠራበት ስንት ዓመት ከፍለውታል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ከፈልኩት። አሁን ነቃሁ። ልሂድ?

ባለሙያዋ፦ ይሂዱ፤ ግን ገንዘብዎ አብሮዎት አይሄድም። ሦስቱ ግዛቶች እርስ በርስ የተስማሙት ስለ ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ የሚገበረው ሰውየው በሚያድርበት ነው። የንግድ ትርፍ ግን እዚያ ውል ውስጥ የለም። ድርጅትዎ ያለው ሜሪላንድ፣ በሽተኞቹ ሜሪላንድ፣ ትርፉ ኬ-ዋን በሚባለው የግብር ቅጽ ወደ እርስዎ የሚመጣው ከሜሪላንድ። ማክሊን ቢያድሩም ሜሪላንድ እንደ ውጭ ነዋሪ ታስከፍልዎታለች፤ በካውንቲው 3.2 ፈንታ ደግሞ 2.25 በመቶ ልዩ ግብር አለ። ቨርጂኒያ ለሜሪላንድ የከፈሉትን ታስብልዎታለች እንጂ ወደ ኪስዎ አትመልስም።

ጋሼ፦ ስለዚህ ሠላሳ ሺው?

ባለሙያዋ፦ ለራስዎ ደመወዝ ብለው የሚወስዱት 150 ሺህ ከሆነ፣ በእሱና በትርፉ ተደምሮ የሚቀርልዎት 12 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ለመኪና የምታስከፍለውን ይቀንሱ። ማክሊን ያለውን የቤት ዋጋ እኔ አልነግርዎትም፤ ሄደው ይዩት።

ጋሼ፦ የመኪናውን ነገር ወዳጄ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ። ያችን ያረጀች ቶዮታውን እንኳ አይምሩለትም።

ባለሙያዋ፦ «ባለጸጋው ይሸሻል» ሲባል ሁሉም ባለጸጋ አንድ ይመስላል። ግን የእርስዎ ሀብት ሥር የሰደደ ነው፤ ነቅለው የሚወስዱት አይደለም። ዲሲ፣ ኬ ስትሪት ላይ ሚሊዮን የሚያገኘው ጠበቃ ግን ሌላ ነው። የዲሲ ምክር ቤት ውጭ የሚያድረውን ሰው ገቢ እንዳይነካ በ1973 ኮንግረስ ባወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ተከልክሏል። ያ ጠበቃ ዲሲ ውስጥ ቢያድር ከሚሊዮን በላይ ባለው ገቢ 10.75 በመቶ ይከፍላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ አርሊንግተን ቢያድር 5.75። ሥራው ያው፣ ቢሮው ያው፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት። በዓለም ላይ ባለጸጋ በቀላሉ መሸሽ የሚችልበት ቦታ ካለ ይህ ነው። የዲሲ ባለጸጋ ሰፈሮች ጆርጅታውንና ካሎራማ ግን ባዶ አልቀሩም።

ጋሼ፦ እነሱ ለስሙ ነው የሚቀመጡት። ሰፈራቸው ክብራቸው ነው።

ባለሙያዋ፦ ይሁን፤ ምክንያቱ ሰፈርም ይሁን ትምህርት ቤት፣ የሚገዙት ነገር አለ ማለት ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ክሪስቶባል ያንግ ከባልደረቦቹ ጋር የአገሪቱን የሚሊዮነሮች የግብር መዝገብ መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው። በዓመት ከስቴት ወደ ስቴት የሚዛወረው ሚሊዮነር 2.4 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የጠቅላላው ሕዝብ 2.9 ነው። ባለጸጋው ከድሃው ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ትዳር አለው፣ ልጅ አለው፣ ደንበኛ አለው፣ የሚያውቁት ሰዎች እዚያው ናቸው።

ጋሼ፦ አንድ ፕሮፌሰር ጠርተሽ አታስፈራሪኝ። ሌላኛውስ ምን አለ?

ባለሙያዋ፦ ሌላኛውም አለ፤ ልክ ነዎት። የስታንፎርዱ ጆሹዋ ራውና ባልደረባው ራያን ሽዩ ካሊፎርኒያ በ2012 ከፍተኛውን ግብር ወደ 13.3 በመቶ ስታደርስ የሆነውን አጥንተው፣ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው የሚለቁት እንደጨመሩ አሳይተዋል። ከመልቀቁ የበለጠው ጉዳት ግን የቀሩት የሚያሳውቁት ገቢ ማነሱ ነው። ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ገቢው ተንቀሳቀሰ። ትርፉን ያዘገየዋል፣ አክሲዮኑን ሳይሸጥ ይቆያል፣ በሌላ መልክ ያሳውቀዋል። ይህን እኔ በየሚያዝያው አየዋለሁ።

ጋሼ፦ አንቺም ታግዢያቸዋለሻ።

ባለሙያዋ፦ ሕጉ በፈቀደው ልክ። እርስዎንም እኮ እያገዝኩ ነው።

ጋሼ፦ እኔ የምጠይቅሽ ግን ሜሪላንድ ይህን ከዚህ በፊት ሞክራ የለም እንዴ? ማርቲን ኦማሊ ገቨርነር በነበሩ ጊዜ። ያኔ ሚሊዮነሮቹ ጠፉ ተብሎ ተጽፏል፤ በደንብ አስታውሳለሁ።

ባለሙያዋ፦ ጥሩ አነሱት። ከ2008 እስከ 2010 ከሚሊዮን በላይ ባለው ገቢ ላይ 6.25 በመቶ ነበር። በ2009 ዎል ስትሪት ጆርናል በርዕሰ አንቀጹ፣ አምና እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 3 ሺህ ገደማ የሚሊዮነር ማሳወቂያ ገብቶ ነበር፤ ዘንድሮ 2 ሺህ ነው፤ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ብሎ ጻፈ። ወሬው አገር አዳረሰ። ግን 2008 ምን ዓመት ነበር?

ጋሼ፦ ሁሉም ነገር የወደቀበት።

ባለሙያዋ፦ አዎ። አክሲዮን ተንኮታኩቶ፣ ሌማን የተባለው ባንክ ወድቆ፣ አምና 1.3 ሚሊዮን ያገኘ ሰው 700 ሺህ አገኘ። ሰውየው ቤቴስዳ ቤቱ ተቀምጧል፤ መዝገቡ ላይ ግን ሚሊዮነር አይደለም። ከጠፉት አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ። እንዲህ ያለውን አንድ ሦስተኛ ሽሽት ማለት በጣም ቸኩሎ መፍረድ ነው።

ጋሼ፦ ቆይ ቆይ። ይህ እኮ ለእኔ ክርክር ነው። ሰውየው ባይሸሽም ገንዘቡ ጠፋ። ትምህርት ቤት በዚህ ገንዘብ የሚቆም ከሆነ፣ ገበያው በወረደ ቁጥር መምህሩ ሊባረር ነው?

ባለሙያዋ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም፤ የነገሩ እውነተኛ ጉድለት ይህ ነው። በጥቂቶች ላይ የተደገፈ ግብር ከአክሲዮን ገበያ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በምዕራብ ያለችው ዋሺንግተን ስቴት በካፒታል ጌይን (ከአክሲዮንና ከመሰል ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ) ላይ 7 በመቶ ስትጥል በመጀመሪያው ዓመት 780 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሰበሰበች፤ በሁለተኛው ወደ ግማሽ ወረደ። ማሳቹሴትስ በ2022 ሕዝቡን አስመርጣ ከሚሊዮን በላይ ባለው ገቢ ላይ 4 በመቶ ጨምራ በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት ከ2 ቢሊዮን በላይ አገኘች፤ ከጠበቀችው ዕጥፍ። በዚህ ዓይነት ዓመት ደስ ብሎት ሁሉንም ለቋሚ ወጪ የሚመድብ ምክር ቤት በክፉው ዓመት ያለቅሳል። ማሳቹሴትስ ገንዘቡን ለትምህርትና ለትራንስፖርት ብላ ለይታ ማስቀመጧ ቢያንስ ሕዝቡ የት እንደገባ እንዲያይ አድርጎታል።

ጋሼ፦ ቦስተን ሌላ ናት። ሃርቫርድና ኤምአይቲን ማን ነቅሎ ይወስዳል? እኛ ጋ ግን ወንዙ ማዶ ያለውን ተመልከቺ። ኖርዝሮፕ ግሩማን በ2010 ከሎስ አንጀለስ ለመምጣት ሲወስን ሜሪላንድን ትቶ ቨርጂኒያን መረጠ። ቦይንግና ሬይቲዮን በ2022 አርሊንግተን። አማዞንም እዚያው። እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም፤ መኪና ውስጥ ሆኜ የማየው ሕንጻ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያድገው።

ባለሙያዋ፦ አማዞንን ካነሱማ፣ ብዙ ሰው የረሳውን ልንገርዎት። በ2018 አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤት ሲፈልግ ሞንትጎምሪ ካውንቲና ሜሪላንድ አንድ ላይ ሆነው ዋይት ፍሊንት ላይ ያቀረቡት ምን ያህል ነበር መሰለዎት? 8.5 ቢሊዮን ዶላር፤ አብዛኛው የግብር ቅናሽ፣ የቀረው መንገድና ባቡር። ቨርጂኒያ በቀጥታ ለድርጅቱ ያቀረበችው 573 ሚሊዮን ነበር። አማዞን የሄደው ወደ ቨርጂኒያ ነው።

ጋሼ፦ አትቀልጂ። አሥራ አምስት ዕጥፍ ጥለው?

ባለሙያዋ፦ ጥለው። ምክንያታቸው የሰው ኃይል ነበር፤ ኮምፒዩተር የተማረ ሰው የት በብዛት ይገኛል፣ ነገስ ከየት ይመጣል የሚለው። ቨርጂኒያ ከግብር ቅናሹ ይልቅ በዩኒቨርሲቲዎቿ ላይ አተኮረች። በሃያ ዓመት ውስጥ 25 ሺህ ተጨማሪ የኮምፒዩተርና ተዛማጅ ምሩቃን ለማውጣት ቃል ገባች፤ ቨርጂኒያ ቴክ አሌክሳንድሪያ ፖቶማክ ያርድ ላይ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ካምፓስ ጀመረ። ይህ ሁሉ ከግብር ነው የሚከፈለው፤ ከሰማይ አይወርድም። ርካሽ ስቴት ሆና አይደለም ያሸነፈችው። የሚገዛ ነገር አዘጋጅታ ነው።

ጋሼ፦ ሆኖም ያ አማዞን በ2023 ሁለተኛውን ግንባታ አቁሞታል።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነው። እኔም አንድ ትልቅ ድርጅት መጣ ብሎ ከበሮ መምታት አልወድም። አሸናፊ የተባሉ ከተሞች ሁሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲያዩአቸው ያን ያህል አይደሉም። ግን ለምን ወደዚያ ሄደ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያው ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ ታዲያ ሜሪላንድ ምን ነካት? ደረጃ ሰጪው ሙዲስ በ2025 የብድር ደረጃዋን ከሦስት ኤ አወረደው፤ ቨርጂኒያ እዚያው ናት። በጀቱ ላይ ከ3 ቢሊዮን በላይ ጎድሏል ተባለ። ለዚህ ነው እኛን የሚያልቡን።

ባለሙያዋ፦ የስቴቱ ኮምፕትሮለር ብሩክ ሊርማን በ2024 መጀመሪያ ያወጡትን ሪፖርት ቢያነቡት ከአዲሱ ግብር ይልቅ እሱ ያስፈራዎት ነበር። ከ2016 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ የሜሪላንድ ኢኮኖሚ 2 በመቶ እንኳ አላደገም፤ አገሪቱ በጠቅላላ 14 በመቶ ገደማ ስታድግ። ልብ ይበሉ ጋሼ፣ በዚያ ዘመን ሁሉ የሜሪላንድ ከፍተኛው የስቴት ግብር 5.75 በመቶ ነበር። የቨርጂኒያስ?

ጋሼ፦ 5.75።

ባለሙያዋ፦ ባለጸጋ ላይ የተጨመረ ግብር ሳይኖር ነው የሜሪላንድ እድገት የቆመው።

ጋሼ፦ የካውንቲው 3.2ስ? አሁን ራስሽ ነገርሽኝ እኮ።

ባለሙያዋ፦ የካውንቲው ግብር ደጉም ዘመን ላይ ነበር፤ ያኔ ሜሪላንድ ታድግ ነበር። አዲስ የመጣው ሌላ ነው፤ የቤት ኪራይና የቤት ዋጋ። የእርስዎ ሠራተኞች የት ነው የሚኖሩት?

ጋሼ፦ ተይው እሱን። ድሮ ሁሉም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን ነበሩ። አሁን ፍሬድሪክ፣ ሄገርስታውን። አንዷ ጎበዝ ሠራተኛዬ ፔንሲልቬኒያ ገብታ በየቀኑ ትመላለስ ነበር፤ አልቻለችም፣ እዚያው አጠገቧ ሥራ ያዘች። በሽተኛው እስከ ዛሬ ስሟን ይጠራል። ሰው አጣሁ እንጂ ሥራ አላጣሁም።

ባለሙያዋ፦ እነዚህ ናቸው የሚሸሹት! በሰዓት የሚከፈላቸው። ጋዜጣ አይጽፍላቸውም፤ አንዲት ተንከባካቢ ስትሄድ ግን እርስዎ መውሰድ ይችሉ የነበረውን በሽተኛ ይተዋሉ፣ ስቴቱም የእሷንም የእርስዎንም ግብር ያጣል። ወጣቶቹ ሐበሾች ቴክሳስና ጆርጂያ የሚሄዱት 6.25 በመቶን ፈርተው ይመስልዎታል?

ጋሼ፦ ቤት ፍለጋ ነው።

ባለሙያዋ፦ የሜሪላንድ ሁለተኛው ሕመም ፌዴራል መንግሥት ነው። ይህ አካባቢ በሙሉ በዋሺንግተን ደመወዝ ላይ ተኝቶ ነው የኖረው፤ ሜሪላንድ በተለይ። በ2025 የመንግሥት ሠራተኛ በጅምላ ሲሰናበት ሜሪላንድ የጠበቃት ሌላ ምሰሶ አልነበረም። ቤቴስዳ ያለው የጤና ምርምር ተቋም፣ ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ሁሉም የፌዴራል ገንዘብ ይጠጣሉ። ግብሩ የተጨመረው እዚህ ቁስል ላይ ነው። አያድናትም፤ አይገድላትምም።

ጋሼ፦ እኔን ግን በሁለት እጅ ያዙኝ። ግብር ይወስዳሉ፣ ደግሞ የሜዲኬይድ ክፍያዬ ከእነሱ ነው።

ባለሙያዋ፦ እሱን ራሱ ላነሳልዎት ነበር፤ ፈርቼ ተውኩት። ሜሪላንድ ለሜዲኬይድ ከምታወጣው እያንዳንዱ ዶላር ላይ ፌዴራሉ በመደበኛው ሌላ አንድ ዶላር ይጨምራል። ስቴቱ አንዱን ካላገኘ ሁለቱም ይቀራሉ። በጀቱ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሰማዎት በግብር ማሳወቂያው ላይ ሳይሆን በክፍያው ላይ ነው።

ጋሼ፦ አንደበትሽ ይህን ያህል ሲሰላ፣ ለምን ምክር ቤት አትገቢም?

ባለሙያዋ፦ ሚያዝያ ላይ ጊዜ የለኝም። ግን እነሱንም አልምራቸው፤ ሜሪላንድ አንድ ነገር ላይ ስህተት ትሠራለች ብዬ አምናለሁ። በአገሪቱ የውርስ ግብርን በሁለት ስም የምትሰበስብ ብቸኛ ስቴት ናት፤ አንዱን ከሟቹ ንብረት፣ ሌላውን ከወራሹ። ቨርጂኒያ አንዱም የላትም።

ጋሼ፦ ኧረ ባክሽ! ልጆቼስ?

ባለሙያዋ፦ ልጆችዎን የወራሹ ግብር አይነካቸውም፤ ወንድምና እህትም ነፃ ናቸው። ግን ለእህትዎ ልጅ ቢያወርሱ 10 በመቶ ይሄዳል። እኛ ሐበሾች ደግሞ ያሳደግነውን የእህት ልጅ ከልጅ አንለይም፤ ሕጉ ይለያል። ከንብረቱ የሚቆረጠው የሚጀምረው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ነው። የምቃወመው ግብሩን አይደለም፤ ጊዜውን ነው። ሰው በአርባ ዓመቱ ድርጅት፣ ልጅ፣ ደንበኛ አስሮት ይቀመጣል፤ በሰባ ዓመቱ ግን ምንም አያስረውም። ሜሪላንድ በጣም የምትጫነው ሰውየው ሻንጣውን በእጁ በያዘበት ሰዓት ነው።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ ወደዚያው ነኝ። ድርጅቱን የምሸጥበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ያኔ ነው ሒሳቡ የሚለወጠው። አዲሱ ሕግ ገቢው ከ350 ሺህ ላለፈ ሰው በካፒታል ጌይን ላይ 2 በመቶ ጨምሯል። ድርጅቱን ሸጠው 5 ሚሊዮን ቢያተርፉ 100 ሺህ ዶላር በእሱ ብቻ ነው፤ 6.5 በመቶውም ያኔ ይደርስብዎታል። ከላይ ካወራነው 1,500 ጋር አይነጻጸርም።

ጋሼ፦ ስለዚህ ያኔ ልሻገር?

ባለሙያዋ፦ እንደ ሽያጩ ነው። ገዥው አክሲዮኑን ከገዛዎትና እርስዎ በእውነት ቨርጂኒያ ነዋሪ ከሆኑ፣ ሜሪላንድ እጇ አጭር ነው። ገዥው ንብረቱን፣ ደንበኛውንና ውሉን ብቻ ልግዛ ካለ ግን ማዶ ቢያድሩም ድርሻዋን ትወስዳለች፤ አብዛኛው ገዥ ደግሞ እንዲያ ነው የሚፈልገው። «ነዋሪ» ማለትም መንጃ ፈቃድ መቀየር አይደለም፤ እዚህ ቤት እያለዎት ከግማሽ ዓመት በላይ ካደሩ ነዋሪ ነዎት።

ጋሼ፦ እና አሁን አልሻገርም።

ባለሙያዋ፦ አሁን አይሻገሩ። ለመሸጥ ሲያስቡ ግን ቀድመው ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ምን ያህል ቀድሜ?

ባለሙያዋ፦ ገዥው ስልክዎን ሳያገኝ።